የሙሽራዋ ቀለብ

ሚያዝያ 4፣ ሰኞ

ዕድሜዬን ሙሉ ተባይ ስገድል ኖሬ በጡረታዬ ተባይ አርቢ ሆንኩ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ማለት ይኼ ነው።

ዛሬ ሻንጣዬን ይዤ ልጄ ቤት ገባሁ። እሷ ቅዳሜ ሆስፒታል ተኝታለች። እስክትወልድ ድረስ ከአልጋ እንዳትነሣ ብለዋታል። ካሁን በፊት ሁለት ጊዜ የሆነውን እዚህ አልጽፍም። የሆነውን ሁሉ የሚጽፍ ሰው ሥራ የሌለው ነው።

"አባዬ፣ ሙሽራዬን አደራ" አለችኝ። ቤቴን አደራ አላለችም፤ ባሌን አደራ አላለችም። ዓሣዋን!

ሙሽራ የምትላት አውራ ጣት የምታክል ዓሣ ናት። ሰማያዊው፣ ብርቱካናማው፣ አረንጓዴው ተዥጎርጉሮባት ለሠርጓ የተኳለች ትመስላለች። ሳሎኑን እኩሌታ በያዘው የጨው ውሃ ገንዳ ውስጥ፣ ድንጋይና ኮራል መሀል ትኖራለች። ሌሎቹ ዓሦች የተበተነላቸውን ደረቅ ምግብ ለቅመው ዞር ይላሉ። ይቺ ግን የሞተ ነገር አትነካም። በሕይወት ያለ፣ ድንጋዩ ላይ የሚንፏቀቅ፣ ከቁንጫ የሚያንስ የሽሪምፕ ዘመድ ካልቀረበላት ጦሟን ታድራለች። ኮፔፖድ ይሉታል። ገንዳው ውስጥ የነበሩትን ለቅማ ስለ ጨረሰች በጠርሙስ እየተራባ ይቀርብላታል። አርቢው እንግዲህ እኔ ነኝ።

ባልየውስ? ጠዋት ሥራ፣ ከሥራ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት። ሥራ ያልኩት የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪነቱን ነው። ጢም ያወጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያጨበጭብና የሰው ልጅ አፍንጫ ሲጠርግ ይውላል። በር ሲከፍትልኝ "ይቅርታ አባባ"፤ ሻንጣዬን ሲቀበለኝ "ይቅርታ አባባ"፤ ውሃ ሲሰጠኝ "ይቅርታ"። ስሙን እዚህ መጻፍ ቀለም ማባከን ነው። አቶ ይቅርታ ብዬዋለሁ።


ሚያዝያ 5፣ ማክሰኞ

አቶ ይቅርታ ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ትምህርት ሰጠኝ። እኔን በሚያስተምርበት ድምፅ የአራት ዓመት ሕፃናትን እንደሚያስተምር ግልጽ ነው። ሊያጨበጭብልኝ ምንም አልቀረው።

የጨው ውሃው ተለክቶ ይበጠበጣል። ጠርሙስ ውስጥ ቀጭን የአየር ቱቦ ይገባል፤ አረፋው ቀስ ይላል፤ ከበረታ ይንገላታሉ። ምግባቸው አረንጓዴ ውሃ ነው፤ በዓይን የማይታይ አልጌ የሞላበት። ጠርሙሱ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ሲሆን ይበቃል፤ ሲጠራ ይጨመራል። ከበዛ ይገማል፤ ከገማ ያልቃሉ። ከታች የሚተኛው ጭቃ አይታጠብም፤ ቤታቸው ነው። እኔ እኮ ቆሻሻ ባየሁበት ሁሉ እጄን የማነሣ ሰው ነበርኩ። አሁን ቆሻሻ ጠብቅ ተባልኩ።

"ደግሞ አባባ፣ ይቅርታ፣ ሁሉም ጠርሙስ አንድ ቦታ ባይሆን ጥሩ ነው። አንዱ ቢበላሽ እንኳ ሌላው..."

"የሚበላሸው በማን እጅ ነው?" አልኩት።

"ይቅርታ" አለና ወደ ሥራው ሄደ።

ሁሉንም ወጥ ቤት መስኮት ላይ ደረደርኳቸው፤ ብርሃን እዚያ ይሻላል። ልጄ ስድስት ናቸው ብላኝ ነበር፤ አምስት ብቻ አገኘሁ። አንዱን ሰብሮ ደብቆት ይሆናል። የአየር ፓምፑ ደግሞ ጆሮዬ ሥር እንደ ዝንብ ስለሚያንጎራጉር አንሥቼ ከምድጃው ጀርባ ሸጎጥኩት።


ሚያዝያ 8፣ ዓርብ

ቸኩያለሁ። ግማሽ ጠርሙስ በወንፊት አጠለልኩ። የገንዳውን ፓምፕ አጠፋሁ፤ አለዚያ ማጣሪያው ይውጣቸዋል። በጠብታ ድንጋዩ ላይ ለቀቅኩላት። መጣች። አፏን አሹላ አንድ አንድ እያለች ለቀመች። ስታኝክ ቀና ብላ ታየኛለች። ዓይንሽ ይፍሰስ፤ እኔ አሽከርሽ ነኝ?

ልጄ ደወለች። ደህና ነህ ወይ የለም። "በላች?"

"በላች።"

"ሆዷ ሞላ?"

"አንቺ በላሽ ወይ?" አልኳት። ዝም አለች። እሷም ዓሣ ሆናለች።


ሚያዝያ 13፣ ረቡዕ

ሆስፒታል ሄጄ መጣሁ። ክፍሉ ንጹሕ ነው። የግድግዳውን ሥር፣ የቧንቧውን መውጫ፣ የቁም ሣጥኑን ጀርባ አየሁ፤ አንድ የበረሮ ኩስ የለም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው አላቸው ማለት ነው። ልጄ "አባዬ እኔን ልታይ ነው የመጣኸው ወይስ ቧንቧውን?" አለችኝ።

እሷን ማየት ከባድ ነው። ሆዷ ላይ መታጠቂያ አስረው የልብ ምት ያዳምጣሉ። የማሽኑ ድምፅ ሲቆራረጥ ሁለታችንም ጣራ ጣራውን እናያለን። ነርሷ መጥታ ታስተካክለዋለች፤ እንደገና ቱክ ቱክ ይላል። ከዚያ ስለ ዓሣ እናወራለን።

"እሷ ሳትሞት እኔም ሳልነሣ ከቆየን ሁላችንም ቤታችን እንገናኛለን" አለች።

እንዲህ ያለ ነገር አልወድም። ዓሣና ፅንስ ምን አገናኛቸው? የተማረች ልጅ ናት እኮ። ልቆጣት ነበር። ያወጣሁት ቃል ግን ሌላ ነው፤ "ስትመለሺ ቆማ ትጠብቅሻለች፤ ቃሌ ነው" አልኳት። ዓሣ አይቆምም። ሞኝ ሆኛለሁ።

ስወጣ ሁለት ነርሶች መተላለፊያው ላይ ሲያወሩ ሰማሁ። "ያቺኛዋ ገና ብዙ ይቀራታል" አለች አንዷ። ሌላዋ ከንፈሯን መጠጠች። ስለ ሌላ ሰው ይሆናል።

አቶ ይቅርታ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ የወረቀት ወፍ ሲያጣጥፍላት ነው ትቼው የመጣሁት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።


ሚያዝያ 19፣ ማክሰኞ

የድሮ የሥራ ሻንጣዬን ከቤት አመጣሁ፤ ማጉያ መነጽሬን ፈልጌ ነው። ወደድኳቸው ብላችሁ እንዳታስቡ። ጠላትህን እወቅ ነው የተባለው።

አንድ ጠብታ ነጭ ሳህን ላይ አድርጌ ሳይ፣ ያ ነጥብ ነጥብ የሚለው ሁሉ እግር አለው፣ አንቴና አለው፣ ጅራት አለው። ይዘላል፣ ይቆማል፣ ይዘላል። አንዳንዶቹ ከጅራታቸው ሥር የእንቁላል ከረጢት አንጠልጥለዋል። እናቶቹ ናቸው። ሌላው ሲሮጥ እነሱ ቀስ ይላሉ። ዕቃ የያዘ ሰው አረማመድ ነው።

ቀና ስል ፀሐይ ጠልቃለች፤ ምሳዬን አልበላሁም። እንዲህ ነው ሰው የሚጃጃለው።


ሚያዝያ 27፣ ረቡዕ

ጠርሙሶቹ ሞልተዋል። ወደ ብርሃን ሲይዟቸው ግድግዳው ይርመሰመሳል። አቶ ይቅርታ አይቶ "አባባ፣ እኛ እንዲህ አብዝተናቸው አናውቅም!" አለ። ሰው ሥራውን ከያዘ ምን ይበዛል። እጄ እንደሆነ የታወቀ ነው።

ዓሣዋ ወፍራለች። ልጄም ሐኪሙ "እስካሁን ጥሩ ነው" አላት። "እስካሁን" የምትባል ቃል ማን እንደ ፈጠራት ባውቅ።


ግንቦት 1፣ እሑድ

ከላይ ያለችው ጎረቤት ዱቄት ልትበደር ወጥ ቤት ድረስ ገባች። ወሬ የምትለቅም፣ አፏ መዝጊያ የሌለው ሴት። ቆማ ስታወራ አንዲት በረሮ፣ አንዲት ብቻ፣ ከምድጃው ሥር ወጥታ በሴትዮዋ ባዶ እግር መሀል አለፈች።

"ውይ! ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ እያሉ በረሮ?" አለችና ሳቀች። "ይተዉት እንግዲህ፣ ጡረታ ወጥተዋል፤ ደክሞዎት ነው።"

ዱቄቷን ይዛ ሄደች። ሳቋን ግን ወጥ ቤቴ ውስጥ ትታው ነው የሄደችው። እኔ የሆቴል ወጥ ቤት፣ የዳቦ ቤት ምድር ቤት፣ የመርከብ ጓዳ ያጸዳሁ ሰው። ደክሞዎት ነው!


ግንቦት 3፣ ማክሰኞ

ሥራዬን አሳየሁ። መርጫዬን ሞላሁ፤ የራሴን ቅልቅል። ሳሎን በሩን ዘጋሁ፤ ገንዳው ላይ እንዳይደርስ። ወጥ ቤቱን ሥር ሥሩን፣ ከቁም ሣጥን ጀርባ፣ ከምድጃው ጀርባ። ጠርሙሶቹን አፋቸውን በጨርቅ ሸፈንኳቸው፤ ሁሉን አስቤያለሁ። አሥራ አንድ በረሮ በጀርባዋ ተገለበጠች። ጎረቤቲቱን ጠርቼ ባሳያት ደስ ይለኝ ነበር።

እጄ አልደከመም።


ግንቦት 4፣ ረቡዕ

ሞተዋል።

አምስቱም። ከታች ነጭ አቧራ ሆነው ተኝተዋል። ቱቦው ያለ ማንም አረፋ ያወጣል። ነቀነቅኩ። በመነጽር አየሁ። አንድ የሚዘል የለም። እናቶቹም ከነከረጢታቸው።

ማታ አቶ ይቅርታ ገና ከበር ሳይገባ ጮህኩበት። ከትናንት ወዲያ ወንፊቱን ያጠበው እሱ ነው። በሳሙና አጥቦት ነው እንጂ ሌላ ምን ይገድላቸዋል? እሱ የልጆች ጣት ማጠብ ለምዷል።

"ይቅርታ አባባ። በሳሙና አላጠብኩትም ግን። ይቅርታ።"

"ታዲያ በምን ሞቱ? በናፍቆት?"

ወጥ ቤት ገብቶ ትንሽ ቆመ። አየሩን ሳብ አደረገ። ከዚያ መስኮቱን ከፈተው።


ግንቦት 5፣ ሐሙስ

ዓሣዋ ድንጋዩን ከላይ እስከ ታች ስታስስ ውላለች። ገንዳው ውስጥ የተረፈ ጥቂት ቢኖር ነው፤ እሱም አይቆይም። ሆዷ ወደ ውስጥ ገባ ማለት ጀምሯል።

ዓሣ ሱቅ ሄድኩ። ባለ ሱቋ ሴትዮ የሚቀጥለው ጭነት እስኪመጣ ኮፔፖድ የለኝም አለች። ሱቅ ከፍቶ የለኝም የሚል ሰው ለምን አይዘጋውም? ጥያቄ ደግሞ ታውቃለች።

"እንዴት ነው የሞቱት አባቴ? ቀስ በቀስ ነው ወይስ ባንድ ጊዜ?"

"ባንድ ሌሊት።"

"የአየር ፓምፑ አየር የሚስበው ከየት ነው?"

"ከቤት ነዋ። ከሰማይ ሊስብ ነው?"

"ቤት ውስጥ የበረሮ መድኃኒት ነገር ተረጭቷል እንዴ? እነዚህ እኮ የነፍሳት ዘመዶች ናቸው። በረሮ የሚገለብጥ መድኃኒት፣ ትንፋሹ ብቻ እነሱን ይጨርሳል። ጠርሙሱ ቢሸፈን ዋጋ የለውም፤ ፓምፑ ስቦ በቱቦ ያስገባዋል።"

"ስለ መድኃኒት እኔን አታስተምሪኝ!" ብያት ወጣሁ። በሯ ላይ ያለው ደወል እየተንጫጫ ቀረ። እኔ ስለ መድኃኒት የማላውቀውን ዓሣ ሻጭ ልትነግረኝ ነው።


ማታ

ፓምፑ ከምድጃው ጀርባ ነው ያለው።

እዚያ ያስቀመጠው ማን እንደሆነ መጻፍ አያስፈልግም፤ ከላይ ጽፌዋለሁ።

ለማንም አልናገርም። ብናገር የሞቱት አይነሡ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የሚነቅዘውንና የማይነቅዘውን ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። መርጫውን በጨርቅ ጠቅልዬ በከረጢት አሥሬ ምድር ቤት አወረድኩት። ቦታ ስለያዘ ነው።


ግንቦት 6፣ ዓርብ

ስነሣ ፓምፑ ከምድጃው ጀርባ ተነሥቶ ሳሎን መስኮት ላይ ተቀምጧል። ወጥ ቤቱም በውሃ ታጥቧል፤ ሥር ሥሩ ሳይቀር። ማን እንዳጠበው አልጠየቅኩም። ማንም አልነገረኝም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።


ግንቦት 7፣ ቅዳሜ

ልጄ ደወለች። ድምፅዋ ቀጥኗል።

"አባዬ፣ ስለ ጠርሙሶቹ ነግሮኛል። እኔ ነኝ የጨረስኳቸው አለኝ። ወንፊቱን በሳሙና አጥቤው ነው አለኝ።"

ስልኩን ከአንዱ ጆሮዬ ወደ ሌላው አዛወርኩ። አሁን ነው መናገር። አሁን።

"ሰው ነው፤ ይሳሳታል" አልኳት። "አትቆጪው።"

አትቆጪው! እንደ ደግ ሰው። እንደ ሽማግሌ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መታጠቢያ ቤት መስታወት ውስጥ ያየሁት ሽማግሌ ፊቱ አስጠላኝ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ከጉድጓድ አውጥቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላወጣሁም።

ለምን አለ? ማን ለምኖት? ሰው ያላጠፋውን አጠፋሁ የሚለው ከእኔ ምን ፈልጎ ነው? አለሳልሶ ሊያሸንፈኝ ነው። እንዲህ ያሉትን አውቃለሁ።

አላውቅም። እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም።


ግንቦት 9፣ ሰኞ

የዓሣዋ ጎን ሰርጉዷል። ጭንቅላቷ ብቻ የቀረ ይመስላል። ደረቅ ምግብ አቀረብኩላት፣ የቀዘቀዘ ሽሪምፕ ፈጭቼ አቀረብኩላት። አሽትታ ዞረች። ትዕቢተኛ! የሚሞት ሰው እንኳ እንዲህ አይመርጥም።

አመሻሽ ላይ አቶ ይቅርታ መጣ። ብብቱ ሥር በሕፃን ሹራብ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ሲፈታው የጭማቂ ጠርሙስ ነው። ላዩ ላይ በልጅ እጅ የተሣለ ወረቀት ተለጥፏል፤ ብዙ እግርና ትልቅ ፈገግታ ያለው ፍጡር። ውስጡ አረንጓዴ ነው። ወደ መብራት ያዝኩት። ዘለሉ።

"ስድስተኛው ነው አባባ። ይቅርታ፣ ሳልነግርዎት። ትንሽ እስኪበዙ ብዬ ነው የቆየሁት። ባለቤቴ ሌላ ቦታ አንድ ይቀመጥ ስትለኝ የማስተምርበት ክፍል ወስጄው ነበር። ልጆቹ በተራ በጠብታ ያበሏቸዋል። 'ዘላዮቹ' ነው የሚሏቸው። ዛሬ ሲሰናበቷቸው ሁለቱ አለቀሱ።"

አንዱን ሰብሮ ደብቆታል ብዬ የጻፍኩትን ገጽ አየሁት። ልቀደው አሰብኩ፤ ተውኩት። ይቀመጥና ይየኝ።

ጥቂት ናቸው። ሁሉንም ለዓሣዋ ብንሰጣት ዛሬና ነገ ትበላለች፤ ከዚያ የለም። ለዘር ብናስቀራቸው እስኪበዙ ዓሣዋ ትሞታለች። አቶ ይቅርታ ጠርሙሱን ይዞ "ምን ይሻላል አባባ?" አለኝ። እኔን ጠየቀኝ። ከሰው ሁሉ እኔን።

"ነጭ ሳህን አምጣ" አልኩት። "መብራቱን ወደዚህ።"

የተባይ ሥራ አንድ ነገር ነው፤ እናቲቱን ፈልግ። ሌላውን ብትገድል ከንቱ ድካም ነው፤ እናቲቱን ካገኘህ ዘሩን አገኘህ። ዕድሜዬን ሙሉ እሷን ስፈልግ የኖርኩት ለመግደል ነበር። ዛሬ ማጉያዬን ዓይኔ ላይ አድርጌ፣ ቀስ የሚሉትን፣ ከረጢት የተሸከሙትን እየፈለግሁ በጠብታ አንድ በአንድ ለየኋቸው። እሱ ሳህኑን ይዟል፤ ትንፋሹን እንኳ ወደ ጎን ነው የሚተነፍሰው። እናቶቹ ወደ ንጹሕ ጠርሙስ ገቡ። ወንዶቹና ባዶዎቹ ወደ ሙሽራዋ ሄዱ።

በላች። አንድ አንድ እያለች፣ እንደ ድሮዋ ቀና ብላ እያየችን።

"እጅዎ አይንቀጠቀጥም" አለኝ።


ግንቦት 17፣ ማክሰኞ

አንዱ ጠርሙስ አራት ሆኗል። በየጊዜው እናቶቹን እለያለሁ። ዓሣዋ አልወፈረችም፤ አልሞተችምም። ሆዷ እንደ ነበረ ነው። አቶ ይቅርታ አንድ ጠርሙስ ወደ ክፍሉ መለሰ፤ ልጆቹ ጠይቀዋል አለ። ይጠይቁ።

ጎረቤቲቱ በር አንኳኩታ የእሷን ወጥ ቤት እንድረጭላት ለመነችኝ። "ሥራ ትቻለሁ" አልኳት። "ደክሞኝ ነው።" አፏን ከፍታ ቀረች። ይመቻት።

ልጄ ዛሬ አልደወለችም።


ግንቦት 21፣ ቅዳሜ

ደም። ስልክ። ታክሲ። ክፍሏ ባዶ፤ አልጋው የለም፤ አልጋውን ከነእሷ ገፍተው ወስደውታል። የወረቀት ወፎቹ መስኮት ላይ ቀርተዋል። መተላለፊያው ወንበር ላይ እኔና አቶ ይቅርታ። ይቅርታ እንኳ አይልም። ቢል ይሻለኝ ነበር።


ግንቦት 22፣ እሑድ

ልጄ ተርፋለች። ሴት ልጅ ወልዳለች። ጊዜዋ አልደረሰም፤ መዳፌ ላይ ብትተኛ ቦታ ይተርፋል።

መስታወት ሣጥን ውስጥ አስገብተዋታል። ሙቀቱ ይለካል፣ አየሩ ይለካል፣ ቀጭን ቱቦ አለ። ወተቷን በጠብታ ይለኩላታል። ከሣጥኑ ፊት ስቆም ይኼን ሥራ የማውቀው መሰለኝ። እዚህ ግን የማጉያ መነጽር አያስፈልግም፤ ጣቶቿ ይታያሉ።

ነርሷ ከመግባቴ በፊት እጅዎን እስከ ክርን ይታጠቡ አለችኝ። ታጠብኩ። ደገምኩ። ጥፍሬን በብሩሽ ፈተግኩ። እንደገና ሳሙና ጨመርኩ።

"ይበቃል አባት፤ ቆዳዎ ሊላጥ ነው" አለች።

"አንቺ ይኼ እጅ ምን እንደሚሠራ አታውቂም" አልኳት። በደንብ እንደ ተናገርኩ አልመሰለኝም፤ ፈራ ብላ አየችኝ።


ግንቦት 26፣ ሐሙስ

የልጅ ልጄ በራሷ መተንፈስ ጀምራለች። ሐኪሙ "ጥሩ ነው" አለ። "እስካሁን" አላለም፤ ደጋግሜ አዳመጥኩት።

ልጄ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ቀለሟ ተመልሷል። ባሏ ሕፃኗ ጋ ነው። እንዲህ ያለ ጊዜ አይገኝም ብዬ መንገድ ላይ ያዘጋጀሁትን ጀመርኩ።

"ስለ ጠርሙሶቹ..."

"ተወው አባዬ። አውቃለሁ።"

"ምኑን ነው የምታውቂው?"

"በረሮ አይተህ ነው አይደል?"

"እሱ ነገረሽ!"

"እሱማ እኔ ነኝ ብሎ ድርቅ አለ። በሳሙና፣ በወንፊት፣ ብዙ ዘበዘበ።"

"ታዲያ በምን አወቅሽ?"

ሳቀች፤ ስፌቱ እንዳያማት በሁለት እጇ ሆዷን ይዛ። "አባዬ፣ ይኼ ሰው ሲያስነጥስ ይቅርታ ይላል። ወንበር ሲነካ ወንበሩን ይቅርታ ይላል። ጠርሙሶቹን እኔ ጨረስኳቸው ሲለኝ ግን አንዴ እንኳ ይቅርታ አላለኝም። ባላጠፋው ነገር ይቅርታ ማለት አይችልበትም።"

ጣራውን አየሁ። የማሽን ድምፅ እንኳ የለም አሁን፤ የሚቆራረጥ ነገር ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

"ለምን ዝም አልሽ ታዲያ? 'አትቆጪው' ስልሽ?"

"ራስህ እስክትነግረኝ ነዋ" አለች። "ቆየህ።"


ግንቦት 28፣ ቅዳሜ

ዛሬ ልጄ ቤቷ ገባች። ሕፃኗ ገና ጥቂት ሆስፒታል ትቆያለች፤ እናቷ በየቀኑ እየሄደች ጡት ታጠባታለች።

ጫማዋን ሳታወልቅ ገንዳው ጋ ሄዳ ተንበረከከች። ተነሽ፣ ወንበር ይምጣልሽ አልናት፤ አልሰማችንም። ሙሽራዋ ከድንጋዩ ጀርባ ወጣች። ሆዷ ሞልቷል። ድንጋዩን አንዴ ለቀም፣ ቀና ብላ ልጄን አየች፣ አንዴ ለቀም። ልጄ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ለረጅም ጊዜ ቆየች። እኔ ወጥ ቤት ገባሁ። ሽንኩርት አልነበረም፤ ቢኖር ምክንያት ይሆነኝ ነበር።

ማታ እሷ ከተኛች በኋላ አቶ ይቅርታ ወንፊቱን ይዞ መጣ። የነገ ቀለብ ሊያጠልል ነው። ጠርሙሶቹ መሀል ቆምን። የሰው ፊት ሳያዩ መናገር ይቀለኛል፤ ስለዚህ ለአረንጓዴው ውሃ ተናገርኩ።

"ስማ። ይቅርታ።"

ወንፊቱ እጁ ላይ ቀረ። ውሃው እግሩ ላይ ይንጠባጠባል፤ አላየውም። ለሰው ሁሉ፣ ለወንበሩ፣ ለበሩ ሲያድለው የኖረ ሰው፣ ለእሱ ሲሰጠው በየት በኩል እንደሚቀበለው ጠፋበት።

"ማንን፣ እኔን ነው አባባ?"

"ሌላ ማን አለ እዚህ? ዘላዮቹን ነው?"

ጢሙን ዳሰሰ። ነጩን ሳህን ከመደርደሪያ አወረደና መብራቱን ወደ እኔ አዞረ።

"እናቶቹን ይለዩልኛል?" አለ።

መነጽሬን አደረግሁ።